የአባ ኮዳ ጉልበት

በኪሎ ነው የገዛሁት፣ ከልባሽ ተራ፣
አንድ ኩርቱ ፌስታል ጡብ፣ የፕላስቲክ፣ የልጅ ሥራ፤
መመሪያ ወረቀት የለው፣ ሣጥን የለው፣
ጥርስ የነካው አለበት፣ ግማሹን ፀሐይ የበላው።

ቀን ቀን ዳቶ ነኝ፣ ብሎኬት ስደረድር፣
በውሃ ልክ፣ በቱንቢ፣ ከአቧራ ጋር ስከራከር፤
ማታ ከልጄ ከማርሸት ጋር ወለል ላይ እንነጠፋለን፣
ከጥፍር የማትበልጥ ጡብ ይዘን እንጣላለን።

«የሚራመድ ነገር እንሥራ» አለች። «እሺ፣ ምን ይሁን?»
«አባ ኮዳ! ያን መላጣ፣ ያን ሽማግሌ መሳዩን።»

እሑድ ማለዳ አሞራ ገደል ወረድን፣
እሷ ደብተር፣ እኔ ሜትር ይዘን።
ዓሣ አጥማጁ ቱንሲሳ ሲያየን ሳቀ፣
«ለአባ ኮዳ ሱሪ ልታሰፋለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።
ግን የዓሣ ጭንቅላት ወርውሮ አስጠጋልን፤ አንዱ መጣና ቆመ፣
እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ትከሻው ላይ አንገቱን እንደ ቀበረ፣ ዝም እንዳለ፣ እንዳኮረፈ፣ እንደ ደከመ።

ማርሸት ሣለች፣ ሰረዘች፣ ሣለች፣
«አባዬ፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው!» አለች።
ቱንሲሳ ቢላውን በጭኑ ጠረገና፣ «እሱ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤
ጉልበቱማ እዚያ ላይ ነው፣ ከላባው ሥር፣ የደበቀው።»

ሃያ ዓመት በዚህ ከተማ ስኖር፣
እውነተኛ ጉልበት ተሸፍኖ እንደሚያድር
አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው እግር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሳስል ወደቀ።
ሁለተኛውን የገዛ ክብደቱ አጎበጠው፤ ከዳሌው ተላቀቀ።
ሦስተኛውን ድመቷ አየችው። በቃ።

ያኔ ነው የሙያዬ ነገር ትዝ ያለኝ፣
«ስንጥቅ ከስንጥቅ አይግጠም» ብሎ አለቃዬ ላምባሞ ያስተማረኝ፤
የላዩ ጡብ የታቾቹን የሁለቱን ትከሻ ይርገጥ፣
ያኔ ግንቡ ቢገፉት ይስቃል እንጂ አይናወጥ።
ጭኑን በድርብ አሰርን፤ ዳሌውን በጎን ቆለፍን፤
ቁርጭምጭሚቱ ላላ ሲል በሁለት ካስማ ጠረቅን፤
ደረቱን ባዶ ተውነው፣ ከባድ ደረት እግር ይገድላል፤
ባትሪውን ዝቅ አደረግን፣ ከታች የከበደ ይቆማል።

ቀለም ላይ ተጣላን። ግራጫው ለእግሩ አልበቃ አለ።
«በነጭ እንሙላው» ብላት፣ «ውሸት ነው» አለች፤ ነገሩ ዋለ፣ አደረ፣ ዋለ።
ቱንሲሳ ጋ ደወልን። «ነጭስ ነው፤ ግን ቀለሙ አይደለም፣
ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን በገዛ እግሩ ላይ ይለቃል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።»
ማርሸት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ነጩን አነሣች፣
እየመረጠች፣ እዚህም እዚያም፣ እንደ ተረጨ አድርጋ ሰካች።

ሞተሩ ከሞተ መኪና ነው፣ የጎረቤት ልጅ የጣለው።
ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በስልክ ብርሃን አየነው።
አንድ እግሩን አነሣ።
ቆየ።
ከዚያ በቆመው እግር ላይ ሰውነቱን ጣለ፣ ቀስ ብሎ
(ሦስት ሳምንት የፈጀችው ይህች ናት፣ ይህች ማዘንበል፣
አንዱን እግር ለማንሣት ሌላውን ማመን፣ አለመቸኮል)።
ሁለት እርምጃ። ሦስት። ጥላው ግድግዳው ላይ ረዘመ፣
ጣሪያውን ነካና ጎነበሰ፣ የእውነቱን መሰለ፣ ቆመ።
አምስተኛው ላይ ምንጣፉ ጠልፎት በደረቱ ወደቀ።
ማርሸት አንሥታ ነቀነቀችው፤
አንድም ጡብ አልወለቀ።

በማግስቱ ዳቶ፣ ብሎኬት ተሸክሜ በጣውላው ልሻገር፣
አንድ እግሬን አነሣሁና ቆየሁ፣ ሳልናገር።
ከታች ሲሚንቶ የሚያቦካው ልጅ ቀና ብሎ፣ «ምነው ጋሼ?» አለኝ።
«ምንም፤ ጉልበቴ የት እንዳለ
እያየሁ ነኝ።»